የመስኮቱ ነገር

«የልጅዎ የአንጎል መስኮት በሦስት ዓመቱ ይዘጋል!» የሚለው ጽሑፍ በስልካችሁ ደርሷችሁ ይሆናል። ካልደረሳችሁም ታገሡ፣ መምጣቱ አይቀርም። ለእኔ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። ሦስቱም ቤት አፉን አልፈታ ያለ ልጅ አለ፤ ሦስቱም የላኩልኝ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው። ለምን እኔን እንደመረጡ አትጠይቁኝ። በዩኒቨርሲቲ ማስተማሬን እንጂ ምን እንዳስተማርኩ ሰፈሩ ረስቶታል፤ «መምህር» የተባለ ሰው ደግሞ ከይዞታ ካርታ እስከ ጨጓራ በሽታ ይጠየቃል።

ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው። ስለ አንጎል የማውቀው እንደማንኛውም ሰው አንብቤ ነው። ይሁንና ያ ጽሑፍ እናቶችን የሚያስደነግጠው በአንጎሉ ሳይሆን በመስኮቱ ነው። ስለ ነርቭ ሴል አንብቦ እንቅልፍ ያጣ ሰው አላየሁም፤ «ይዘጋል» የሚለው ቃል ግን እንቅልፍ ይነሳል። መስኮት ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ ተለዋጭ ዘይቤ ከሆነ ወደ እኔ ግቢ ገብቷል ማለት ነው። ለተማሪዎቼ፣ አንድ ዘይቤ ሲያስደነግጣችሁ መጀመሪያ የትውልድ አገሩን ጠይቁት እላቸው ነበር። እስቲ ይህንንም እንጠይቀው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

የዚህ መስኮት የትውልድ አገር የድመት ዐይን ነው። በ1960ዎቹ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የትንንሽ ድመቶችን አንደኛውን ዐይን ቆቡን ሰፍተው ዘጉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ስፌቱን ሲፈቱት ዐይኑ ራሱ ደህና ነው፤ ድመቷ ግን በዚያ ዐይን አታይም። ከዚያ ዐይን የሚመጣውን ሊቀበል የነበረው የአንጎል ክፍል ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ ለሌላኛው ዐይን አድሯል። የትልቅ ድመት ዐይን እንዲሁ ቢዘጋ ግን ይህ ጉዳት አይደርስም። ሰዎቹ በ1981 የኖቤል ሽልማት አገኙ። እዚህ ላይ መስኮት የሚለው ቃል እንከን አይወጣለትም፤ ብርሃን መግባት አለበት፣ መግቢያው ተዘግቷል፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢከፈትም ከውስጥ «ቤቶች!» ሲባል አቤት የሚል የለም።

ዘይቤው ከዐይን ወደ ጆሮ ሲሻገርም አልዋሸም። አኑ ሻርማ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 ባወጣችው ጥናት፣ መስማት ተስኗቸው ተወልደው በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከለው ኮክሌር ኢምፕላንት የተደረገላቸው 104 ልጆች አንጎል ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ተለካ። መሣሪያው ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት የተተከለላቸው ልጆች ምላሽ ፍጥነት ሰምተው ካደጉት እኩዮቻቸው ጋር ተመሳሰለ። ከሰባት ዓመት በኋላ የተተከለላቸው ግን በአብዛኛው እዚያ አልደረሱም። ከዚያ ቀደም ሲል በ1998 ክርስቲን ዮሺናጋ ኢታኖ ኮሎራዶ ውስጥ 150 ልጆችን ስታጠና፣ የመስማት ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው የታወቀላቸው ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ በእጅጉ ልቀው ተገኝተዋል። ስድስት ወር! ልጁ «እማ» ሊል ገና ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። ዛሬ አሜሪካኖቹ የሚከተሉት መመሪያ በአንድ ወር ምርመራ፣ በሦስት ወር ቁርጡን ማወቅ፣ በስድስት ወር እርዳታ መጀመር የሚል ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ መጣ? ዘይቤው ከጆሮ ተነሥቶ ቃል ላይ ሲያርፍ ነው።

በሚያዝያ 1997 ቢል ክሊንተንና ባለቤታቸው ስለ ሕፃናት አንጎል በዋይት ሐውስ ጉባኤ ጠሩ። ነገሩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ አደባባይ ዋለ። በዓመቱ የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ዜል ሚለር፣ በግዛታቸው ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ የሚሰጥበት 105 ሺህ ዶላር ይፈቀድልኝ አሉ። መነሻቸው በ1993 የወጣ የሞዛርት ጥናት ነበር። ጥናቱ የተደረገው በሕፃናት ላይ መስሏችሁ ይሆናል። የለም! በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው፤ ያሳዩት ለውጥም ከሩብ ሰዓት አልዘለለም። ሞዛርትን ያደመጠው ጎረምሳው፣ ሙዚቃው የተላከው ለአራሱ።

ይህንን ሁሉ ጆን ብሩየር በ1999 ባሳተመው «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ተረት» በተሰኘ መጽሐፉ ተቸው። መከራከሪያው ለሥነ ጽሑፍ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ምሳሌው ከተመሰለለት ነገር ጋር አይገጥምም ነው የሚለው። በዐይኗ ብርሃን ያልገባላት ድመት የመዝገበ ቃላት እጥረት ላለበት ልጅ ምሳሌ ልትሆን አትችልም። ቃል ዕድሜ ልክ ይለመዳል። እኔ «ቴሌብር» የሚለውን ቃል የተማርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ አንጎሌ በሩን አልዘጋብኝም። ብሩየር በጣም ቸኩሎ ወደ ማጣጣል ያደላባቸው ገጾች አሉ፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ለትችት ሙያ ታማኝ አልሆንም። የጆሮውንና የቃሉን ነገር በመለየቱ ግን ልክ ነው።

አሁን ወደ ዘገዩት ልጆች እንምጣ። በምዕራብ አውስትራሊያ በእነ ስቲቨን ዙብሪክ 1,766 የሁለት ዓመት ልጆች ተጠንተው ውጤቱ በ2007 ወጥቷል። ከልጆቹ 13 በመቶ ያህሉ ንግግር የዘገየባቸው ነበሩ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ዕድል ነበራቸው። ስለዚህ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚሉት አያቶቻችን ከሜዳ ተነሥተው አልነበረም የሚናገሩት። በቤተሰቡ ውስጥ ዘግይቶ የተናገረ ሰው መኖር፣ ያለ ወር መወለድ፣ የልደት ክብደት ማነስም ከመዘግየቱ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። የእናት የትምህርት ደረጃ፣ የቤተሰቡ ገቢ፣ የወላጅ ጭንቀት ግን አልተያያዙም።

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ለእህቴ ልጅ በስልክ አነበብኩላት። ልጇ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ድገምልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ዝም አለች። ለካ ባንክ ቤት ሥራዋን ልትለቅ ማመልከቻ ጽፋ ነበር። «በቂ ስለማታወሪው ነው» ብሏታል አንዱ ጽሑፍ። ሌላ አማካሪ ነኝ ባይ ደግሞ የባሏ እናት ልጁን በአፋን ኦሮሞ እንዳያናግሩት መክሯል፤ ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል በሚል። እማማ ሙሉ ሦስት ወር በልጅ ልጃቸው ፊት አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር እንደማያመጣ ጥናቶቹ ደጋግመው ያሳዩት ነገር ነው፤ ያቺ ሦስት ወር ግን በማን ሒሳብ እንደምትወራረድ አላውቅም።

ይህ ልጅ ሃያ የማይሞሉ ቃላት ነበሩት። ነገር ግን «ጫማህን አምጣ» ሲሉት ያመጣል፤ የፈለገውን በጣቱ ይጠቁማል፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ከሁላችንም ቀድሞ ቀና ይላል። ጆሮውን አስመረመሩት፣ ደህና ነው። ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። የቀሩት አይደርሱም፤ ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን በሁለት ዓመቱ በርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ መከታተል ያስፈልጋል፣ ሥራ መልቀቅ ግን አያስፈልግም።

ከዚያው ቤት አራት አጥር አልፎ ሌላ ቤት አለ። እናትየዋ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። ልጇ ጸጥተኛ፣ እግር ሥር የማትገባ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» የሚላት ነበረች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ባደገ ሕዝብ መካከል ዝም ያለች ሴት ልጅ ማንን ታሳስባለች? ከኋላዋ ሲጠሯት አትዞርም፤ «ልቧ ሌላ ቦታ ነው» ይባላል። በሁለት ዓመት ተኩሏ አንድ ክሊኒክ ተወስዳ «ልጅ ናት፣ ትጠብቅ» ተብላ ተመልሳለች። እንጥሏ ተቆርጧል። ጠበል ሄዳለች። ዘመድ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ አጽናንቷል። ነገሩን የደረሰችበት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ናት፤ አንድ ቀን ከልጆቹ ጀርባ ቆማ ከበሮ ስትመታ ሁሉም ሲዞሩ እሷ ብቻ አልዞረችም። ሲመረመር ሁለቱም ጆሮዎቿ ከሞላ ጎደል አይሰሙም። አራት ዓመት ከስድስት ወሯ ነበር። እናቷ በየቀኑ የምትጠራትን ስሟን ልጅቷ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም።

እንግዲህ የዚያን ጽሑፍ ኃጢአት ከዚህ በላይ እንዴት ላሳይ? መስኮት የሌለበት ቤት ገብቶ «ሊዘጋባችሁ ነው» እያለ ያስለቅሳል። መስኮቱ በእውነት የሚዘጋበት ቤት ግን አልደረሰም። ቢደርስም የሚያወራው ስለ ሦስት ዓመትና ስለ ስዕል ካርድ እንጂ ስለ ጆሮ አይደለም። ፍርሃትም እንደ እርዳታ እህል ነው፤ የተሳሳተ ቀበሌ ከተራገፈ ለማንም አይጠቅምም። እኔ ካየኋቸው ሦስት ቅጂዎች መካከል «መጀመሪያ የልጅዎን መስማት ያስመርምሩ» የሚል አንድም አላገኘሁም። ሦስቱም ግን የሚሸጥ ነገር ከመጨረሻው ላይ አላቸው።

ቋንቋችንም እዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። መናገር መጀመርን «አፍ መፍታት» እንለዋለን፣ ቋንቋውንም «የአፍ መፍቻ»። የታሰረ ነገር አለ፣ ይፈታል፣ የታሰረውም አፍ ውስጥ ነው። ውብ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ወላጅን ወደ ምላስና ወደ እንጥል እንጂ ወደ ጆሮ አያመለክተውም። ላውራ ፔቲቶና ፓውላ ማሬንቴት በ1991 በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ ያወጡት ነገር አለ። መስማት ከተሳናቸውና በምልክት ቋንቋ ከሚግባቡ ወላጆች የተወለዱ፣ ራሳቸውም የማይሰሙ ሕፃናት፣ ሌላው ሕፃን «ባባባ» «ማማማ» በሚልበት ዕድሜ እነሱ በእጃቸው ይንተባተባሉ። ለእነዚህ ልጆች የሚፈታው አፍ ሳይሆን እጅ ነው፤ የሚፈታውም በጊዜው ነው። ሬቸል ሜይቤሪ ለዓመታት ባደረገችው ጥናት ደግሞ፣ በልጅነቱ የድምፅም የምልክትም ቋንቋ ሳይደርሰው የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚማረው ቋንቋ ሁሉ እንደሚከብደው አሳይታለች። አያችሁ፣ መስኮት ካለ ይኸኛው ነው። የሚገባበት በየትኛውም በኩል ይሁን፣ ቋንቋ የሚባል ነገር ለልጁ መድረስ አለበት። ውድ መሣሪያ የማይገዛ ቤተሰብ የምልክት ቋንቋ መማር ይችላል። ያቺ ጨዋ ልጅ ዛሬ በምልክት ቋንቋ ትማራለች። ጨዋነቷም ቀርቷል፤ እናቷ እንደምትነግረኝ ከሆነ እጇ ለአፍታ አያርፍም፣ ጎረቤቱን ሁሉ ታማለች።

ወደ እርዳታው ልመለስ። «ቅድሚያ ጣልቃ ገብነት» እየተባለ የሚተረጎመው ነገር (ትርጉሙ የጦር ሠራዊት ያስመስለዋል) ሲፈቱት ያን ያህል አያስፈራም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ከሚያደርገው አብዛኛው ወላጅን ማሠልጠን ነው። ከልጁ ፊት ለፊት ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፤ እሱ የሚያየውን እይ፤ አንድ ነገር ተናገርና ጠብቅ፤ «ኳስ» ሲል «ትልቅ ኳስ» ብለህ መልስለት። በ2011 በወጣ አንድ ትንተና 18 ጥናቶች አንድ ላይ ተመዝነው፣ ይህ ዓይነቱ የወላጆች ሥልጠና ቋንቋቸው ለተጓተተ ልጆች እንደሚጠቅም ታይቷል። በዚያው ዓመት ግን በሜልበርን 301 ዘገምተኛ ተናጋሪ ሕፃናት የተካተቱበት ሙከራ ወጣ፤ የስድስት ሳምንት ሥልጠና ያገኙና ያላገኙ ቤተሰቦች ልጆች በሁለትና በሦስት ዓመታቸው ሲለኩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘባቸውም። ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። የከበደ ችግር ያለበት ልጅ ይረዳል፤ ሲያድግ በራሱ የሚደርሰውን ልጅ ሁሉ ሰብስቦ ማሠልጠን ግን ብዙ አይጨምርም። በ«መስኮት» የሚነግደው ሰው የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን ይደብቃል።

ቁጥሩም ይነገድበታል። «የድሃ ልጅ በአራት ዓመቱ 30 ሚሊዮን ቃላት ያንሰዋል» የሚለው አባባል የመጣው ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ በ1995 ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። የተጠኑት በካንሳስ የሚኖሩ 42 ቤተሰቦች ናቸው፤ ከእነዚህ በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩት ስድስት ብቻ። ሚሊዮኑ በወር አንድ ሰዓት ከተቀዳው ተሰልቶ የተገኘ ነው። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች በሌሎች ማኅበረሰቦች ሞክረው ያን ልዩነት አላገኙትም። በዚያው ዓመት ሬቸል ሮሚዮና ባልደረቦቿ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ 36 ልጆችን አጥንተው የተሻለ ነገር አመጡ። በቋንቋ ከሚሠራው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘው ልጁ የሰማው ቃል ብዛት ሳይሆን ከትልቅ ሰው ጋር የተቀባበለው ንግግር ነው፤ የቤተሰቡ ሀብትም ይህን አልለወጠውም። ቀደም ሲል በ2003 ፓትሪሽያ ኩል ሲያትል ውስጥ የዘጠኝ ወር አሜሪካዊ ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛ እንዲሰሙ አድርጋ ነበር። ሰው ፊታቸው ተቀምጦ ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች ለዩ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልለዩም።

የ«እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» አገር ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የተረታችን አዋጅ ራሱ አንዱ ብሎ ሌላው ካልመለሰ አይጀመርም። ይሁንና አያቶቻችን ሁሉን አውቀውት ነበር ወደሚል ድግስ አትጥሩኝ። እንቆቅልሹ ለሚሰማ ልጅ ነው። ያችን ልጅ አራት ዓመት ተኩል አጠገቡ አስቀምጦ አላወቃትም።

ዕዳችንን ስቆጥር አንድ ሰው ላንሣ። ዘሚ የኑስ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ የማይናገርና ሰው ዐይን የማያይ ልጅ እንደ እርግማን ተቆጥሮ ጓዳ ይደበቅ ነበር። የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ ወጣች። በ2021 አርፋለች። ፊደላችን አንዱን ድምፅ ከአናባቢው ጋር አያይዞ ስለሚያስቀምጥ፣ ሀ ሁ ሂን መሠረት አድርጋ ልጆችን ድምፅ የምታስለምድበት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል ዘዴ ቀምራለች። ከውጭ የመጣውን «መስኮት» በየስልኩ የሚያዞር ሁሉ ይህን አገር በቀል ሙከራ አንሥቶ ሲመረምርና ሲከራከርበት አላይም።

በእኛ አገር ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የመስማት ምርመራ ማድረግ ገና ልማድ አልሆነም። መሣሪያው ይምጣ፣ ባለሙያው ይሠልጥን ማለት ቀላል ነው፤ ይዘገያል። ነገር ግን ለኩፍኝ ክትባት ሕፃኑ በዘጠኝ ወሩ፣ ከ2019 ጀምሮም በ15 ወሩ እንደገና ጤና ጣቢያ ይመጣል። ክትባቱን የምትሰጠው ባለሙያ መርፌውን እስክታዘጋጅ ድረስ አንድ ደቂቃ አላት። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውን እናት በዚያች ደቂቃ ብትጠይቃት ይበቃ ነበር፤ «እመቤቴ፣ ከኋላዋ ሲጠሯት ትዞራለች?»